ሂና የመሰለኝ ተረከዝ

ሐምሌ 3 ቀን 1978
ዝናብ። ባሌ ጀማለዲን ውይይት ታክሲውን አስነስቶ ወደ ወሰን መስመር ሥራ ወጣ። ልብስ አጠብኩ፤ አይደርቅም። የልጄ የሰብሪያ ሰርግ ሂና ከእጄም ከእግሬም ለቋል። ግራ ተረከዜ ላይ ብቻ አንዲት ጥቁር ነገር ቀርታለች። በድንጋይ ፈተግኳት... ወይ ፍንክች! የቀባችኝን ሳፊያን ጠየቅኳት። «ሂናዬ ጥሩ ስለሆነ ነዋ» አለች። የባሌ እህት ራሷን ሳታሞግስ አትውልም።

ሐምሌ 13
ቀበሌው ለችግኝ ተከላ እንጦጦ አወጣን። ጭቃው! ተረከዜ ጫማዬ ውስጥ ደማ። ሳነክስ የዘመቻው ኃላፊ ጓድ ነገሳ አየኝ። «ጓዲት ከይሪያ፣ ሥራ ሲመጣ ነው እግርሽን የሚያምሽ?» ተናደድኩ። ችግኙን ቀጥ ይበል ይንጋደድ ሳላይ ተክዬ ወረድኩ።
ሂና ይደማል እንዴ?

ሐምሌ 18
ጤና ጣቢያ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ እንኳን አላየም። «ኪንታሮት ነው።»
«ነቀርሳ ቢሆንስ?»
ሳቀ። «የቆዳ ነቀርሳ የፈረንጅ ነው። እኛ ጥቁሮችን ፀሐይ ምን ታደርገናለች?»
ተረከዜ ፀሐይ የት አይቶ ያውቃል? እንዲህ ማለት ሲገባኝ ቅባቱን ተቀብዬ ውልቅ አልኩ። አሁን ነው አፌ የሚከፈተው...

ነሐሴ 1
ቅባቱ አለቀ። ጥቁሩ ሰፍቷል፣ መሃሉ ቆስሏል። ሳፊያ ነጭ ሽንኩርት እሰሪበት ትላለች። ጎረቤቴ ጂቱ ቅጠል ይዛ መጣች። ጀማለዲን ደግሞ የባትሪ አሲድ! «ያቃጥለዋል።» መኪና ነኝ እንዴ? ተጣላን። እንደ ልማዳችን።

ነሐሴ 8
ሆስፒታል። የቆዳ ሐኪሟ ጫማዬን አውልቄ ሳልጨርስ ጎንበስ አለች። ጥፍሮቼን አየች፣ ብሽሽቴን ዳሰሰች።
«እኛ ጥቁሮችንም ይይዛል?» አልኳት።
«ይይዛል እንጂ። እኛን አብዛኛውን ጊዜ ውስጥ እግርና ጥፍር ሥር ነው የሚይዘን። እዚያ ማን ያያል? ስለዚህ ዘግይተን እንመጣለን።»
ከቁስሉ ቆንጥራ ለምርመራ ወሰደች። ለውጤቱ ከቤተሰብ ጋር ይምጡ አለችኝ። ለምን ከቤተሰብ ጋር?

ነሐሴ 23
ለውጤቱ ሆስፒታል ሄድን። ጀማለዲንና ሳፊያ ሐኪሟ ጋ ገቡ። እኔን ውጭ አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። እግሩ የኔ! ሲወጡ «ትንሽ ቁስል ናት፣ ትድናለች» አሉኝ። ሳፊያ ፊቴን አታየኝም።

ነሐሴ 25
ይሄ ቤት ምን ነካው? ወጡን አሳረርኩት። ጀማለዲን «ይጣፍጣል» ብሎ በላ። ሳፊያን ሆን ብዬ ነካካኋት፤ ሂናሽ የማይረባ ነው አልኳት። «ልክ ነሽ» አለች። ልክ ነሽ! ከተጋባን ጀምሮ ለሷ ልክ ሆኜ አላውቅም። ሰብሪያም ከባሏ ቤት መጥታ፣ አንገቷን ደፍታ እግሬን አጠበች።
ፈራሁ። ነቀርሳ ነው ብለው ቢነግሩኝ እንዲህ አልፈራም ነበር።

ነሐሴ 28
ብቻዬን ሄድኩ። ሐኪሟ «ለቤተሰብ ተናግረናል፣ ልማዱ እንዲያ ነው» አለች።
«እነሱ የራሳቸውን ይስሙ። የኔን ለኔ ይንገሩኝ።»
ካርዴን አወጣች። ከዚያ ነገረችኝ። ነቀርሳ ነው። ወደ ብሽሽቴ የወጣ አይመስልም፤ ግን እግሬ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ይቆረጣል፣ ቶሎ። ጀማለዲን «ትንሽ እናስብበት» ብሎ ቀኑን አራዝሞታል። በኔ እግር እሱ ያስባል! ፈረምኩ። ጳጉሜ 2 እገባለሁ።

እቤት ገብቼ ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። ሳፊያ አለቀሰች። ጀማለዲን የአንገቱ ሥር ተገትሮ ብድግ አለ።
«ብቻሽን? ሳትነግሪኝ? በዚህ እግርሽ እስከዚያ ድረስ? አብደሻል እንዴ አንቺ ሴትዮ!»
ጎረቤት ሁሉ ሰማ። እኔም መልሼ ጮህኩበት።
አልሐምዱሊላህ። ደህና ሰው እንደሚቆጡት ተቆጣኝ።