ጀልባዬን በገዛ እጄ ስበሳ

ሰኔ 12 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽስ? ትንሿ ጥርስ አበቀለች ወይ? እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም በርዶኝ ሹራብ ደርቤ ነው የምጽፍልሽ። አዎ፣ በዚህ ሐሩር፣ እዚሁ ጀልባዬ ላይ!

በስልክ «እማዬ፣ ያ ጀልባ በሙቀት ይገድልሻል፤ ሸጠሽው ከእኛ ጋር ኑሪ» ስትይኝ መልስ ያጣሁ መስሎሽ ነበር። መልሴ ይኸውልሽ፦ አየር ማቀዝቀዣ ገጠምኩ። ባለሙያ አልጠራሁም። ነፍሱን ይማረውና አባትሽ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ዕድሜ ልኬን ቁልፍ ያቀበልኩት በከንቱ አልነበረማ።

ዕቃው የሚያቀዘቅዘው የባሕር ውሃ እየሳበ ነው። ስለዚህ ጀልባዋ ወደ የብስ ወጥታ ሆዷ መበሳት ነበረበት። መብሻውን ድሪል ይዤ ከሥሯ ተንበረከክኩ። ውሃ እንዳይገባባት ስጠብቃት የኖርኩትን ቤቴን ራሴ ልበሳት ነው!

አጠገቤ የነበሩት ጎረቤቴ ብቻ ናቸው፤ ባለፈው ክረምት መጥተው ከጎኔ ያለው ጀልባ ላይ የሚኖሩት ጡረተኛ ልብስ ሰፊ። ከማሽን የሚያውቁት የስፌት መኪና ነው።

«እርግጠኛ ነዎት?» አሉኝ።

«አይደለሁም። ቀዳዳው ቢሰፋብኝስ?»

«ቢሰፋ ምን ቸገረን? ሰፊው እዚሁ አለሁልዎት!»

ስቄ ሳልጨርስ ድሪሉ ዘለቀ። ቧንቧውን አስገብቼ ዙሪያውን በማጣበቂያ ደፈንኩ፤ ሲደርቅ ጀልባዋን ወደ ውሃዋ መለስናት። ማብሪያውን ብጫነው ቀዝቃዛ አየር ፊቴን ዳበሰኝ። ልብስ ሰፊው ለአየሩ መተላለፊያ የሸራ ቱቦ ሰፍተውልኝ ነበር፤ ኪስ ያለው!

«ኪሱ ለምንድነው?» ብላቸው፣

«ልማድ ሆኖብኝ» አሉ አፍረው።

በማግስቱ ማለዳ ከአልጋ ስወርድ እግሬ ውሃ ረገጠ። ክው አልኩ። «ሰመጥኩ! አንተ ሰውዬ፣ ድረስ!» ብዬ ጮህኩ። ልብስ ሰፊው ባልዲ አንጠልጥሎ፣ አንድ እግሩን ብቻ ተጫምቶ ዘሎ ገባ። እሱ ውሃውን ሲጨልፍ እኔ የበሳሁትን ቦታ ዳሰስኩ፤ ደረቅ ነው። ጣቴን ወለሉ ላይ ነክሬ ቀመስኩ።

«ጨው የለውም!»

«እና?»

«ባሕር አይደለማ! የማቀዝቀዣው ላብ ነው። የማንጠፍጠፊያውን ቱቦ መግጠም ረስቼ።»

«ታዲያ በአንድ ጫማ ያስሮጥሽኝ ለላብ ነው?» አለኝ።

እርጥቡ ወለል ላይ ተቀምጠን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። አንቱታው እዚያው ሰመጠ፤ ላውጣው ያለም የለም።

ቱቦውን ዕለቱኑ ገጠምኩ። አሁን ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትበረታ የስፌት መኪናውን ተሸክሞ ይመጣል፤ ለጨርቁ ቅዝቃዜ ይስማማዋል ይላል። እኔም አልተከራከርኩም። የአባትሽ ፎቶግራፍ ከቦታው አልተነቃነቀም። «ደግ ፊት ነበራቸው» ይላል ባየው ቁጥር፤ መስታወቱንም የሚወለውለው እሱ ነው። እኔ ስጽፍ እሱ ይሰፋል፤ ሁለታችንም ዝም ብንል ቤቱ ጭር አይልም።

እንግዲህ ልጄ፣ ጀልባዋ አትሸጥም። አትስጊልኝ፤ ይልቅ ትንሿን ይዘሽ ለእረፍት ነይ። መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ከቤትሽ ሳቅ አያጉድል፣ ልጅሽንም አሳድጎ ለቁም ነገር ያብቃልሽ።

የምትወድሽ እናትሽ

ደግሞ ስትመጪ እንደ ድሮው ዘው እንዳትዪ፤ መጀመሪያ አንኳኪ።