ምሥራቅ በትንሹ ፊደል

ይድረስ ለእናቴ፤

በዓይን ሳንተያይ "እናቴ" ማለቴን በድፍረት አይዩብኝ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ ተሻለዎት? በብርድ ጊዜ እንደሚጠናብዎ ልጅዎ ነግሮኛል። እኔ ከግራ ጆሮዬና ከፊት ጥርሶቼ በቀር ሙሉ ነኝ። ልጅዎም ከስቷል እንጂ ደህና ነው።

"ሰው የገደለ ልጅ የለኝም" ማለትዎን ከባለቤትዎ ወንድም ሰማሁ። ወሬው እርስዎ ዘንድ እስኪደርስ ስንት አፍ እንደዞረ አላውቅም፤ ስለዚህ የሆነውን ከእኔ ይስሙት። እኔ የአራተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ልጅዎ ደግሞ ከእኔ ክፍል አጠገብ፣ አንድ ግድግዳ ብቻ ለይቶን፣ ሒሳብ ያስተምር ነበር።

በዚያ ሰሞን ከተማችን ለሁለት ተከፍላ ነበር። የምሥራቅ ሰፈርና የምዕራብ ሰፈር ሰዎች ገበያ ላይ ተጣልተው፣ ሱቅ ተቃጥሎ፣ ሰው በድንጋይ ተወግሮ ሞቶ ነበር። እኛ አስተማሪዎቹ "መቼም ትምህርት ቤት አይደርስም" ብለን ሥራችንን ቀጠልን። እኔ የምዕራብ ሰፈር ልጅ ነኝ።

የዚያን ቀን የማስተምረው የእንግሊዝኛ ትልቁ ፊደል የት የት እንደሚገባ ነበር። የበዓል ስም በትልቁ ይጀምራል፣ የወቅት ስም ግን በትንሹ ነው አልኳቸው። ልጆቹ ተንጫጩ። አንዱ ቀልቃላ፣ "ቲቸር፣ አዲስ ዓመት ባንድ ቀን ውልቅ ብሎ ይሄዳል፤ ክረምት ስንት ወር ሙሉ ያጨቀየናል፣ እንዴት እሱ ያንሳል?" ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። እኔም ሳቅሁ። ቀጥዬ ስለ አቅጣጫ ጻፍኩ፤ መንገድ ለማሳየት ሲሆን በትንሹ፣ የቦታ ስም ሲሆን በትልቁ። "ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች" የሚለውን በትንሹ ጻፍኩ፤ "አስተማሪያችን የምዕራብ ሰፈር ልጅ ናት" የሚለውን በትልቁ። ምሳሌውን አፌ ላይ እንደመጣልኝ ነው የጻፍኩት፤ ሌላ ነገር በሐሳቤም አልነበረ።

ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ የሥጋ ሻጩ ልጅ ነበረች፤ የምሥራቅ ሰፈር ልጅ። ጎበዝ ናት። ቤቷ ስትገባ አባቷ ምን እንደተማረች ቢጠይቃት፣ "ምሥራቅ በትንሹ፣ ምዕራብ በትልቁ" አለችው። ሌላ አልጨመረችም። አባቷ በገበያው ጠብ ታናሽ ወንድሙን የቀበረ ሰው ነው።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሁለት ሰዎች አስከትሎ በሩን በርግዶ ገባ። ሰሌዳው ገና አልጠፋም ነበር። "እኛ ነን ትንሾቹ?" አለኝ። "ጌታዬ፣ የቋንቋው ሕግ ነው" ብዬ ሳልጨርስ በያዘው ፍልጥ ጆሮዬን አቀለጠው። ወደቅሁ። በፀጉሬ ጎትቶ አነሣኝና "በምላስሽ አጥፊው!" እያለ ፊቴን ከሰሌዳው ጋር ደጋግሞ አላተመው። ጠመኔና ደም አብሬ ዋጥኩ። ልጆቹ በመስኮት ይዘላሉ። ሴት ልጁ ክንዱ ላይ ተንጠልጥላ፣ "አባዬ ተዋት፣ እኔ ነኝ አበላሽቼ የነገርኩህ!" እያለች ትጮሃለች። ዞር ብሎም ሳያያት በክርኑ ወረወራት፤ ከዴስኩ ጋር ተጋጭታ ወደቀች።

ልጅዎ የደረሰው ያኔ ነው። መጀመሪያ ለመነው፤ ይመኑኝ። "ወንድሜ፣ በፈጠረህ ተው፣ ልጆች እያዩ ነው" ሲለው በደህናው ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁለቱ ሰዎች ይዘው ሆዱን በእርግጫ መቱት። እንደምንም አምልጧቸው ወጣ። ሸሸ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ለካ የትምህርት ቤቱን ደወል የምንመታበትን ብረት ሊያመጣ ኖሯል። ተመልሶ ሥጋ ሻጩን አናቱን መታው። ሰውየው በጉልበቱ ወረደ፣ ፍልጡም ከእጁ ወደቀ። ልጅዎ ግን አላቆመም። ደገመው። ሠለሰው። የዚያን ብረት ድምፅ ለእናት አይጽፉትም፤ እኔ ግን በማይሰማው ጆሮዬ ጭምር እሰማዋለሁ።

ሁለቱ ሰዎች እግሬ አውጪኝ ብለው ሸሹ። ልጅዎ ብረቱን ጣለና ልጅቷን ከወደቀችበት አንሥቶ፣ አባቷን እንዳታይ ፊቷን ደረቱ ላይ ደበቀው። እጁን ነከሰችው። ደሙ እየወረደ አለቀቃትም። ፖሊስ ሲደርስ እንደዚያው አቅፏት ነበር።

ፍርድ ቤት ከመቅረቤ በፊት የባለቤትዎ ወንድም መጥቶ፣ "አንዴ ብቻ መታው በይ፤ ነፍስ ለማዳን ነው ይባልለታል" ብሎ መከረኝ። ምዬ ቀረብኩ፤ እንዳለኝም ተናገርኩ። ዳኛው ሊያምኑኝ ትንሽ ሲቀራቸው ልጅዎ ተነሣ። "ክቡር ዳኛ፣ ልታድነኝ ብላ ነው። ከወደቀ በኋላም መትቼዋለሁ። ልጁ አይታለች። አባቷን ገድዬባት ደግሞ ያየችውን ልክድባት አልችልም" አለ። ጠበቃው ራሱን ያዘ። ዐሥራ አንድ ዓመት ፈረዱበት።

ፊቴ ሲሽር ለቅሶ ልደርስ ሥጋ ሻጩ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ በሩን ከፍታ ጠባሳዬን አየችው፣ አየችው። ከዚያ በሩን ዘጋችብኝ። ልጅቷ ሌላ ትምህርት ቤት ገብታለች አሉኝ። እኔ እዚያው ክፍል ነኝ፤ እዚያው ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ።

እናቴ፣ ልጅዎ ንጹሕ ነው አልልዎትም። ገድሏል። ግን የለኝም አይበሉት። እሁድ እሁድ ልጠይቀው ስሄድ በእኔ ትከሻ ላይ አሻግሮ በሩን ያያል። ማንን እንደሚጠብቅ ስለማውቅ አልቀየመውም።

ይምጡ። መናኸሪያ ድረስ ወጥቼ እቀበልዎታለሁ፤ ወገብዎ እንዳይጎዳ ቀስ ብለን እንሄዳለን። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ "ለእስረኛው ምኑ ነዎት?" ይልዎታል፤ እናቱ ነኝ ይበሉት። ስለ እኔ ከጠየቀዎት ግን፣ እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሚስቱ ነኝ እያልኩ ነው የምገባው። እሱም ሰምቶ አላስተባበለኝም። እርስዎም እባክዎ አያስተባብሉኝ።

ፈጣሪ ዕድሜና ለመንገዱ ጉልበት ይስጥልኝ፤ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

ልጅዎ