ያልከፈትኩት የጓሮ በር

ይድረስ ለልጄ፤ አምላክ በምትሄጂበት ሁሉ ይቅደምልሽ። እኔ ደህና ነኝ።

ባንኩ ከፍዬ ባልጨረስኩት ብድር ቤታችን በሐራጅ እንዲሸጥ ያስፈረደብኝ በሌለሁበት ነበር። መጥሪያውን የለጠፉት እናትሽ ካረፈች ወዲህ ባልከፈትኩት የጓሮ በር ላይ ነው። ይግባኝ ስል የመሐል ዳኛው፣ «አባባ፣ የገዛ ደጅዎን እንዴት አያዩም?» አሉኝ።

«ሟች ባለቤቴ የምትወጣ የምትገባበት ነበር፤ መክፈቱ ከበደኝ» አልኳቸው።

መጥሪያው በወጉ አልደረሰውም ብለው ፍርዱን ሽረው ጉዳዩ እንደ አዲስ እንዲታይ አዘዙ። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን፣ «አንተ ሰውዬ፣ ባንክ በስንፍና ሲረታ ያየሁት ባንተ ነው!» እያለ ይስቅብኛል።

ስጸልይ፣ የሙጥኝ ያልኩት ቤቱን ነው ወይስ እሷን እያልኩ ራሴን እመረምራለሁ። ብቻ እንቅልፌ ተመልሷል፣ ተመስገን። አደራሽን፣ ለእኔ ብለሽ ሥራ አትደራርቢ። ቢሸጥም ባይሸጥም፣ አባትሽ ያለበት ሁሉ ቤትሽ ነው። የእናትሽ አምላክ ይጠብቅሽ።