እጁን አይተሽ ግቢ

ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? የትንሿ ሳል ለቀቃት ወይ? እኛ አገር ዝናቡ በነፋስ ወደ ጎን እየዘነበ እንደሆነ ያረፍንበት ግቢ ባለቤት ዶና ኢዳሊና በቴሌቪዥን አይታ ነግራኛለች። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ፊቱ ቀልቷል፣ እንቅልፉ ጥሩ ነው፣ ብርቱካን ከነልጣጩ ካልበላሁ ብሎ ከሚያስቸግረኝ በቀር ምግብ አይመርጥም። እኔም ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ። ወገቤን ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ አንቺን ስወልድ የጀመረኝ ነው።

ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስልክ አጥቼ አይደለም። ስልክ ላይ ሁለታችንም እንጮሃለን፣ ከዚያ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ አንቺ ስታለቅሺ ደግሞ እኔ እሺ ማለት ይቀናኛል። ወረቀት አያለቅስብኝም። ስለዚህ በወረቀት እምቢ ልልሽ ነው። አባትሽን አልሰጥሽም።

ቅዳሜ እመጣለሁ ብለሻል። ለእሱ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጠሻል፣ መጦሪያ ቤቱም ክፍሉን እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው የሚያቆይልን ብለሻል። ባልሽ ከጀርባሽ ሆኖ፣ ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ሲል ሰምቼዋለሁ። ስልክ ስትይዙ ቀስ ብሎ መናገር ልመዱ። መከራዬን ማወቅ ከፈለገ፣ መከራዬ አሁን ደጃፋችን ላይ በታጣፊ ወንበር ተቀምጦ ፀሐይ እየሞቀ ነው፤ እግሩ ሥር የዶና ኢዳሊና ድመት ተኝታለች።

ያሳየሽንን ክፍል አልረሳሁትም። ንጹሕ ነው፣ አልጋው ጥሩ ነው፣ ነርሶቹም ደጎች ናቸው፤ በማንም ላይ ክፉ አልናገርም። ግን በሩ የሚከፈተው በቁጥር ነው፣ ቁጥሩን የምናውቀውም እኛ ጤነኞቹ ነን። አባትሽ መስኮቱ አጠገብ ከተደረደሩት ሽማግሌዎች መሀል ቁጭ አለና፣ ይቺ ጀልባ የምትነሳው መቼ ነው ብሎ ጠየቀኝ። አንቺ ሳቅሽ። እኔ አልሳቅኩም። ዕድሜውን ሙሉ ድልድይ እያነሳ ጀልባ ሲያሳልፍ የኖረን ሰው፣ የማትነሳ ጀልባ ውስጥ አስቀምጬ እሑድ እሑድ ኬክ ይዤለት ልመጣ? አላደርገውም። በዚያው ሳምንት ኤሊን አስነሳኋት።

ቤቷን በጀርባዋ ለተሸከመችው አሮጊት መኪናችን ኤሊ ብለሽ ስም ያወጣሽላት አንቺው ነሽ። ጡረታ ስንወጣ ብርዱን ለእናንተ ትተን ፖርቱጋል ባሕር ዳር እንከርማለን እንባባል ነበር። አንድ ዓመት ጣሪያው አፈሰሰ፣ አንድ ዓመት አንቺ ወለድሽ፣ አንድ ዓመት ዝም ብለን ሰነፍን። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ትይኝ ይሆናል። እኔ ግን ድስት ጥጄ አላለቅስም። ዘግይተናል፤ ቢሆንም መጥተናል።

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ዘመን ሆኖኛል፣ ኤሊን ግን ነድቻት አላውቅም ነበር። መሪው የአባትሽ፣ ካርታው የእኔ ነበር። በሰባ አንድ ዓመቴ መሪው ጋ ተቀመጥኩ። ፈረንሳይ ላይ የአንድ ዳቦ ቤት ግድግዳ ፋቅኩ። ስፔን ላይ የጭነት መኪኖች ከኋላዬ ተሰልፈው ጥሩምባ ነፉብኝ፤ ይንፉ። አባትሽ አጠገቤ ተቀምጦ ያንን ጨው ያለበት ጥቁር ከረሜላውን እያጎረሰኝ ተራራ ወጣን፣ ተራራ ወረድን። ባሕሩ ብቅ ሲል ባርኔጣውን አወለቀለት።

እንደ ኤሊ ያሉ ቤት ተሸካሚ መኪኖች የሚከርሙበት ሰፈር ደንብ አይጠፋሽም። አዲስ መኪና ሲመጣ ሁሉም ወንበሩን ይዞ ለትርኢቱ ይወጣል። ወደ ኋላ እየነዱ ቦታ መያዝ የባልና ሚስት ፈተና ነው፤ አንዱ መሪ ላይ፣ ሌላው ከኋላ እጁን እያወናጨፈ። ጉድሩን የምትባል ጀርመናዊት ጎረቤት አለችኝ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ዳኛ ቢቀመጥ ኖሮ ግማሹ ሰው ዕቃውን ሳያወርድ ይፋታ ነበር ትላለች። በእኛ ቤት ከኋላ ቆሜ የማወናጭፈው እኔ ነበርኩ፤ አባትሽ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ዝንብ ነው የምታባርሪው ይለኝ ነበር። አሁን ተራው የእሱ ነው። ልጄ፣ ይሄ ሰው የዛሬውን ቀን አያውቅም፣ ሸሚዙን ገልብጦ ይለብሳል። ከኋላ ሲቆም ግን እጁ ድልድዩ ላይ የነበረው እጅ ነው። በሁለት መዳፉ ነይ ነይ፣ በግራው ትንሽ ወደዚህ፣ ቡጢውን ሲጨብጥ ቁሚ። ኤሊ ስትቆም ጎኗን መታ መታ ያደርጋታል፤ ደህና ገብተሻል ማለቱ ነው።

ከሌላ ሰው ሳትሰሚው እኔው ልንገርሽ። ባለፈው ስልክ ያላነሳሁልሽ ቀን አባትሽ ጠፍቶ ነበር። ቦታ ልንቀይር ወደ ኋላ እየነዳሁ በመስታወት አየዋለሁ፣ ነይ ነይ ይለኛል። ዓይኔን ወደ ሌላኛው መስታወት ወስጄ ስመልስ የለም። ወረድኩ፣ የለም። ከሰፈሩ ጀርባ ገደል ነው፣ ከገደሉ ሥር ባሕሩ። ስሙን እየጠራሁ ስሮጥ ወገብ እንዳለኝም ረሳሁ። ጉድሩን በአንድ በኩል፣ ባሏ በሌላ በኩል ይፈልጋሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ጊዜ ልጄ ልክ ነበረች ብያለሁ። በልቤ ይቅርታ ጠይቄሻለሁ። በኋላ ይቅርታውን መልሼ ወስጄዋለሁ።

የት አገኘሁት መሰለሽ? የግቢው በር ላይ፣ ከቤልጅግ የመጣ ግዙፍ መኪና እያስገባ። ባልየው መሪ ላይ ላብ በላብ ሆኗል፣ ሚስትየዋ ከጎኑ ተቀምጣለች፣ አንዳቸውም አይሳደቡም። አባትሽ ቡጢውን ጨበጠ፣ መኪናው ቆመ፣ ጎኑን መታ መታ አደረገው። ከውጭ ደግሞ ሌላ መኪና ተራውን ይጠብቃል። የግቢው ባለቤት ዶና ኢዳሊና ወገቧን ይዛ ታየዋለች። ልትቆጣ ነው ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ ይሄ ሰውዬ እስከ ዛሬ የት ነበር አለችኝ። ገብታ የሟች ባሏን ቢጫ ሰደርያ አመጣችና ራሷ አለበሰችው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል ለካ እውነት ነው። ይክፋሽ፣ ብዬዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከምሳ በኋላ በሩ ላይ ይቆማል። እኔ ድንች እየላጥኩ አየዋለሁ፣ ዶና ኢዳሊና ከቢሮዋ ታየዋለች፣ ሰው ሁሉ በአገሬው ቋንቋ ሴንዮር ዊበ፣ አቶ ዊበ፣ ይለዋል። ሐኪም የለም ብለሻል፤ ሰው የማይታመምበት አገር መሰለሽ? መድኃኒቱን በሰዓቱ እሰጠዋለሁ። ለሌሊቱም የኤሊ በር ላይ ከገበያ የገዛሁትን የፍየል ቃጭል አስሬያለሁ። የእናንተ በር ቁጥር አለው፣ የእኔ በር ቃጭል አለው። ቃጭሉ ሲጮህ ተነስቼ አብሬው እወጣለሁ። ይደክምሻል ወይ ካልሽኝ፣ አዎ፣ ይደክመኛል። ቤት ተቀምጬ እሱን እያሰብኩ ባድር ግን የባሰ ይደክመኝ ነበር።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ለማንም አልነገርኩትም። በቀደም ጉድሩን አባትሽን፣ ሚስትህ ዛሬ ምን ልትሠራልህ ነው ብላ ጠየቀችው። ሚስቴማ ገና አልመጣችም አላት። ይቺ ሾፌሬ ናት፤ ጎበዝ ናት፣ ትንሽ ትቆጣለች እንጂ። ጉድሩን የምትገባበት ጠፋት። እኔ ሳቅኩ። ከዚያ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ሄጄ፣ ቧንቧውን ከፍቼ፣ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። በማግስቱ ሰርዲን ጠብሼ ስንበላ፣ እርስዎ ባለትዳር ነዎት ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ጥሩ ሰው ነው? ግትር ነው፣ ግን ጥሩ ሰው ነው አልኩት። ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ፣ ይሂዱለት እንጂ አለኝ። እየሄድኩለት ነው አልኩት። ከዚያ የዓሣውን እሾህ ለቅሞ ሥጋውን ሰሃኔ ላይ አደረገልኝ፤ ከተጋባን ጀምሮ የሚያደርገው ነው።

ስለዚህ ካላወቀሽ ምን ልዩነት አለው የሚል ነገር እንዳታመጪብኝ። እኔ የማን ሚስት እንደሆንኩ አውቃለሁ፤ ከሁለታችን አንዳችን ማወቃችን ይበቃል። የማልችልበት ቀን ሊመጣ ይችላል፣ ሞኝ አይደለሁም። ሲመጣ ራሴ እደውልልሻለሁ። ያን ቀን የምቆርጠው ግን እኔ ነኝ፤ መጦሪያ ቤቱ አይቆርጥልኝም፣ አንቺም አትቆርጪልኝም።

ቅዳሜ ነይ። ናፍቀሽኛል። ቲኬቱን ግን እዚያው ተይው። ከአውሮፕላን ማረፊያው መኪና ተከራዪና ከምሳ በኋላ ድረሺ፤ በሩ ላይ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ረጅም ሽማግሌ ታገኛለሽ። አባዬ ብለሽ አትጠምጠሚበት፣ ይደነግጣል። ወደ መስኮትሽ ጠጋ ብሎ፣ እንግዳውን ሁሉ እንደሚጠይቀው፣ ለአንድ ሌሊት ነው ወይስ ይሰነብታሉ ይልሻል። እሰነብታለሁ በይው። ከዚያ እጁን አይተሽ ግቢ። ቡጢውን ሲጨብጥ ቁሚ። የመኪናሽን ጎን መታ መታ እስኪያደርግ አትውረጂ፤ እንባሽንም እስከዚያ ድረስ ጠርገሽ ጨርሺ።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ። የትንሿን ሳል ይንቀልላት። አንቺም ስታረጂ፣ ቃጭል ሰምቶ የሚነሳልሽ ሰው አይጥፋሽ።

እናትሽ፣
የአባትሽ ሾፌር