ፊርማዬ ይገባል፣ እኔ አልገባም

ሰኞ፣ ጁላይ 14

ሙቀት። ሊፍቱ ዛሬም ቆሟል። አምስት ፎቅ በእግር... ባለ ተረከዝ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ወጣሁ። ጥበቃው አይቶ እንዳላየ ሆነ። ጨዋ ሰው።

ቢሮዬ በር ላይ የተለመደው ሰልፍ። ከካሊምኖስ፣ ከደሴቴ የመጣች ሴትዮ አንድ ቆርቆሮ ማር አቅፋለች። ልጇን ለውትድርና ሰሜን ድንበር መድበውባታል፤ አቅርቢልኝ ነው የምትለው። "የወደብ ሚኒስትር እኮ ነኝ፣ እናቴ" ብላት፣ "ታዲያ ወደ ቤቱ በመርከብ አይደል የሚመጣው?" ማሩን ልመልስላት ብል እንቢ አለች።

እማ ደወለች። የካቢኔውን ፎቶ ቴሌቪዥን ላይ አይታለች። "ምነው ዳር ላይ አቆሙሽ?" ሦስታችንንም ሴቶች ዳር ዳር ነው የሚያቆሙን፣ እንደ አበባ ማስቀመጫ፣ አልኳት። "ይሁን፣ ፀጉርሽን ግን ተሠሪ።"

ከሰዓት ዋና ጸሐፊዬ ስታማቲስ ገባ፣ ፀሐይ ፊቱን መትቶት። ሦስት ቀን የገዳማቱ ተራራ አቶስ ላይ ከርሞ መምጣቱ ነው። ከገዳማቱ በአንዱ ያሠራነው የመርከብ ማረፊያ አልቋል። መነኮሳቱ ስላበሉት ኦክቶፐስ ሩብ ሰዓት አወራ፣ ስለ ማረፊያው ሁለት ደቂቃ።

"የሥራው መረከቢያ ነው፤ እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ፣ ክብርት ሚኒስትር።"

ፎቶውን አየሁት። ነጭ ድንጋይ፣ ባንዲራ፣ ስታማቲስ እጁን አጣምሮ። ከኋላው የገዳሙ ጀልባ... ርቃ ቆማለች። ሰዎቹን በቀዘፋ ታንኳ ያወርዷቸዋል። አዲስ ማረፊያ ተሠርቶላት ለምን አትጠጋም?

"ለፎቶው እንዲያምር ነው" አለኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት የወደብ መሐንዲስ ነበርኩ። ጀልባ ለፎቶ ስትሽኮረመም አይቼ አላውቅም። በውሉ ላይ ጥልቀቱ አራት ሜትር ነው፣ ሁለት መቶ ምእመን የጫነ መርከብ እንዲጠጋ። አራት ካልሆነስ? መርከቡ ዓለት ላይ ነው የሚወጣው።

አልፈረምኩም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 16

ዜኖን ደወለ፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ሰው። ድምፁ ማር፣ ሐሳቡ እሬት።

"የኔ ቆንጆ፣ አንዲት ፊርማ ምን ትከብድሻለች?"

"ያላየሁትን ልፈርም?"

"ስታማቲስ አይቶታል።"

"ስታማቲስ ጠበቃ ነው። ኦክቶፐሱን ነው ያየው።"

ሳቀ። "ታዲያ አንቺ ገብተሽ ልታዪው ነው?" ከጀርባው ሌሎችም ሳቁ። ስፒከር ላይ አድርጎኝ ኖሯል!

አቶስ ሴት ሺህ ዓመት ረግጣው አታውቅም። ሴት የጫነ ጀልባ እንኳ ከዳርቻው አምስት መቶ ሜትር ይርቃል። ይህን አልጣላም፤ ቤታቸው ነው፣ ሕጋቸው ነው። ግን ምረቃው ኦገስት 15፣ የፍልሰታ ለት ነው። የጥሪ ካርዱ ታትሟል። ወንድ ሚኒስትሮች በሙሉ ተጠርተዋል። የሚፈርመው እጄ ይፈለጋል፣ እግሬ አይፈለግም።

ማረፊያውን የሠራው ተቋራጭ የዜኖን ሚዜ ነው። ይህን ያልሰማ ፒሬየስ ወደብ ውስጥ ቢኖር የዓሣ ገበያው ድመት ነው።

ሐሙስ፣ ጁላይ 17

ልፈርምና ልገላገል?... አይ።

እሑድ፣ ጁላይ 20

ጥልቀት የሚለካ ባለሙያ ላክልኝ ብዬ ስታማቲስን አዝዤው ነበር። "ኦገስት መጣ፣ ክብርት ሚኒስትር። እስከ ሴፕቴምበር ማንም የለም።" እውነቱን ነው፣ ኦገስት አገሩ ሁሉ ለእረፍት ይዘጋል። ለምረቃ ግን አይዘጋም!

እማ ሰምታለች። ማን ነገራት? ደሴት ላይ ማን ያልነገራት።

"ከቅዱሱ ተራራ ጋ ምን አጣላሽ፣ ልጄ? ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሴቶቹ ያዩኛል። ፈርሚና ተይው።"

"አባባ ቢኖር ይፈርም ነበር?"

አባቴ ከባሕር ወለል ስፖንጅ የሚለቅም ጠላቂ ነበር። ጥልቀት በሰው አፍ አያምንም። ድንጋይ ያሰረበት ገመድ ነበረው፣ በየሜትሩ ቋጠሮ። ካልጣለ አይጠልቅም። ጓደኞቹ "ፈሪ" ይሉት ነበር። እሱ በሰባ ስምንት ዓመቱ አልጋው ላይ ሞተ። እነሱ...

"አባትሽማ ገመዱን ይጥል ነበር" አለችና ዘጋችው።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 22

ገዳሙ ደወልኩ። የጀልባው ኃላፊ አባ ግራሲሞስ አነሱ። ከመመንኮሳቸው በፊት ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ ሳል ቢያቋርጠውም ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። ልግባ እንዳላልኩ ቀድሜ ነገርኳቸው።

"ተመስገን። እንግዲህ እንነጋገር።"

"ጀልባችሁ ማረፊያው ጋ ለምን አትጠጋም፣ አባቴ?"

"ሆዷን እንዳትፋቅ ነዋ። ከሥር ያለውን ዓለት ሳያነሱት ድንጋይ ደርድረውበት ሄዱ። ተናግረን ነበር። 'እናንተ ጸልዩ፣ ጥልቀቱን ለእኛ ተዉት' አሉን።"

ይለኩልኝ እንደሆን ጠየቅኳቸው። አበምኔቱን ላስፈቅድ አሉ። ልዘጋ ስል፦

"ምረቃው መቼ ነው ያልሽኝ?"

"ኦገስት 15።"

"የማን 15?"

ወይ ጉድ! እነሱ እኮ በአሮጌው አቆጣጠር ናቸው፤ ከእኛ አሥራ ሦስት ቀን ወደኋላ። የእኛ 15 ለእነሱ 2 ነው።

"ያን ለት ጾም ላይ ነን። ሚኒስትሮቻችሁን ባቄላ እናብላቸው?"

ዘጋሁና ብቻዬን እስኪያስለኝ ሳቅሁ። ያ ሁሉ አማካሪ፣ ያ ሁሉ ካርድ!

ረቡዕ፣ ጁላይ 23

ገዳሙ ራሱ ቀኑን አሳወቃቸው፣ ካርዱ ተሰበሰበ። ምረቃው ለኦገስት 28፣ ለእነሱ 15፣ ተዛወረ። ዜኖን እንደ በሬ አጓራ፤ እኔ ያስደረግሁት መስሎታል። ይምሰለው። አሥራ ሦስት ቀን አተረፍኩ።

ረቡዕ፣ ኦገስት 6

ኡራኑፖሊ፣ ከአቶስ በፊት ያለችው የመጨረሻ ከተማ። የሴት እግር እዚህ ያበቃል። ከዚህ ወዲያ አጥሩ ነው።

አባ ግራሲሞስ በጀልባቸው መጡ። ጢማቸው እስከ መቀነታቸው፣ እጃቸው እንደ መቅዘፊያ። ወደቡ ዳር ካፌ ተቀመጥን። ከቀሚሳቸው ሥር ገመድ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። በየሜትሩ ቋጠሮ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ። ውሃው የደረሰበት ላይ ቀይ ክር አስረዋል።

"ቁጠሪ።"

ከድንጋዩ ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። ክሩ። እንደገና ቆጠርኩ።

"አራት ቦታ ጣልኩት፣ አራቱም ቦታ ሁለት ነው። በጽሑፍም አለልሽ፣ በገዳሙ ማኅተም።"

"አበምኔቱ ፈቀዱ?"

"'ሴትዮዋ የምትጠይቀው ምእመን እንዳይሰጥም ነው' አሉኝ።" ቡናቸውን ፉት አሉ። "ደግሞስ የዚያ ተራራ ባለቤት ማን ናት? እመቤታችን አይደለችም? እኛ ጠባቂዎቿ ነን።"

ገመዱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ተመለስኩ። ቦርሳዬ ባሕር ባሕር ይሸታል። እንደ አባቴ።

ሰኞ፣ ኦገስት 11

የእምቢታ ደብዳቤዬን ፈርሜ አስገባሁ። የመነኮሳቱን ልኬት አባሪ አድርጌ። ተቋራጩ ዓለቱን ያንሣ፣ ከዚያ እፈርማለሁ።

ስታማቲስ አነበበው። ላብ በላብ ሆነ።

"በገመድ?! ሚኒስትር ሆነው በገመድ?"

"ባሕሩ ሳተላይት አይጠይቅም።"

"ይሽሩዎታል እኮ!"

"ሳይሾሙኝ በፊት የነበረኝ ሙያ አሁንም አለኝ።"

የሁለት ዓመት ሥራዬ ግን... ወደ ትንንሾቹ ደሴቶች በክረምት የሚመላለሰው መርከብ ገና ጅምር ነው። ማን ይጨርሰዋል?

ረቡዕ፣ ኦገስት 20

ዜኖን ደወለ፦ "እስከ ሰኞ ትፈርሚያለሽ። አለበለዚያ..."

"አለበለዚያ ምን? ዓረፍተ ነገሩን ጨርሰው። ስፒከር ላይ አድርጌሃለሁ።"

ጸሐፊዎቼ በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ። ስልኩ ተዘጋ። አንዷ አጨበጨበች።

ሰኞ፣ ኦገስት 25

ሹም ሽር። መሻሬን የነገረችኝ እማ ናት! እነሱ ለእኔ ሳይደውሉ ቴሌቪዥኑ ቀደማቸው። በቦታዬ የተሾመው ስታማቲስ። ሐሙስ ምረቃ፣ ከዚያ በፊት ይፈርማል ማለት ነው።

"አዘንሽብኝ፣ እማ?"

"ሳሎኔ በሴት ሞልቷል፣ መቀመጫ አጥቼ ቆሜ ነው የማወራሽ። 'አልፈረመችም' እያሉ ይሳሳማሉ። ያቺ ባለ ማሯ ሳትቀር መጥታለች።" ከዚያ፦ "ነገ ለርክክቡ ፀጉርሽን ተሠሪ። ዳር ደግሞ እንዳትቆሚ።"

ማክሰኞ፣ ኦገስት 26

ርክክቡ። ወጉ የታወቀ ነው። ተሻሪ ለተሿሚ ፋይል ይሰጣል፣ መልካም ምኞት፣ እጅ መጨባበጥ፣ አበባ። ካሜራው አዳራሹን ሞልቷል። መሀል ላይ ቆምኩ። ስታማቲስ ዳር ሆነ።

ፋይሉን ሰጠሁት። ከዚያ ቦርሳዬን ከፈትኩ።

"ይሄም ያንተ ነው" አልኩና ገመዱን እጁ ላይ አኖርኩት። ድንጋዩ ከበደው፣ እጁ ዝቅ አለ።

"ቋጠሮው በየሜትሩ ነው። ውሉ አራት ይላል፣ መነኮሳቱ ሁለት ይላሉ። ገብቼ ማየት አልችልም ነበር፣ ሕጉ ነው፣ አከበርኩት። አንተ ግን ትገባለህ። ከመፈረምህ በፊት ገብተህ ቁጠር።"

አንዲት ጋዜጠኛ፦ "ይቆጥራሉ፣ ክቡር ሚኒስትር?"

በዚያ ሁሉ ካሜራ ፊት ስታማቲስ፦ "እ... እቆጥራለሁ።"

አበባውን እዚያው ረስቼው ወጣሁ። ሊፍቱ ተሠርቷል። ዛሬ!

ሐሙስ፣ ኦገስት 28

አባ ግራሲሞስ ደወሉ። ከኋላቸው ደወል ይሰማል፣ በዓላቸው ነው። ትልቁ መርከብ አልመጣም፤ ምእመኑ እንደ ድሮው በትንንሽ ጀልባ ወርዷል፣ ሁሉም ደኅና።

"ማን መጣ በይ?"

"ማን?"

"ሚኒስትሩ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ቴሌቪዥን አስከትሎ፣ ገመዱን ጣለ።"

"ስንት ቆጠረ?"

"ሁለት። አላመነም፣ ጫፉ ላይ ሄዶ ደግሞ ጣለው። ሁለት። ለሦስተኛ ጊዜ እኔ ያዝኩለት።" ሳላቸው አቋረጣቸው። "ተቋራጩ ዓለቱን ለማንሣት ይመለሳል ብሎ ለካሜራው ተናገረ። ወረቀቱን ሳይፈርም ኪሱ ውስጥ ይዞት ሄደ።"

ሰኞ ወደ ድሮው መሥሪያ ቤቴ እመለሳለሁ። ቦት ጫማዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁት፣ አሁንም ልኬ ነው። ገመድ ብቻ ነው የጎደለኝ። ነገ ወርጄ እገዛለሁ፣ ረዘም ያለውን።