ለሸፊ፣ ስለ አፀደ ስኳር

ሸፊ፣ መኪናው በር ላይ ጥሩምባውን እየነፋ ነው። ፋብሪካው ለአዝመራ ዘመቻ ዛሬውኑ ውጡ ብሎናል። እስክመለስ ሚስቴ አፀደ አንተ እጅ ናት።

ሆስፒታል መመላለስ ከጀመርን ሦስተኛ ዓመታችን ስለሆነ ነገሩን ታውቀዋለህ። ቆሽቷ ላይ ያለው ነቀርሳ ስኳሯን ድንገት ያወርድባታል። ላብ ካጠመቃት ወይ ነገር ከተምታታባት፣ ስኳር በውሃ በጥብጠህ ቶሎ ስጣት። የስኳሩ ጣሳ አልጋው ሥር ነው።

ያኔ ደግሞ አልቀምስም ብላ አፏን ትገጥማለች። መላው ማሳቅ ነው፤ ስትስቅ ማንኪያውን ታስገባለህ።

ይህ መቼም አይጠፋህም። የእኔኑ ውሸት ሰርቀህ ስታወራላት ትንከተከታለች። እኔ ሳወራው "ቦጌ፣ ደክሞኛል" ትላለች። በደባልነት የገባኸው ጓዳችን ውስጥ ብቻ መስሎኝ ነበር።

የትናንቱን የቅናት ንግግሬን ተወው።

በቃ፣ እሷም ያልሰማችው አዲስ ወሬ ይኸውልህ። የቁስቋም ጅብ ጋቢውን ተከናንቦ የቀበሌ ስብሰባ ገባ። ከኋላ ተቀምጦ ሲያጨበጭብ ዋለና በመጨረሻ እጁን አወጣ። ሊቀመንበሩ መነጽሩን ወልውሎ "ጓድ፣ ጥያቄህን አቅርብ" አለው። ጅቡም ተነሥቶ ጋቢውን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ...

እዚህ ላይ ማንኪያውን አስገባ።

ምን እንደጠየቀ አልጻፍኩልህም። ከራስህ ፈጥረህ እንዳትጨርስላት። ብትነዘንዝህ "ቦጋለ ሲመጣ ይነግርሻል" በላት። ያንን ሳትሰማ የትም አትሄድም፤ ሚስቴን እኔ አውቃታለሁ።

ቦጋለ