አባዬ፣ ለማንም እንዳትነሳ

ረቡዕ፣ ጥር 14 ቀን

ለምወድህ፣ ለምትስቅብኝም አባዬ፣

እንዴት ነህልኝ? «ከልቤ በቀር ሁሉም ደህና ነው» እንደምትለኝ አውቃለሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። የልብ ክፍል ከተመደብኩ ወዲህ ቁጭ ብዬ አላውቅም። ኃላፊያችን «አንቺ ልጅ፣ ቀስ በይ፣ ሆስፒታሉ አያመልጥሽም» ትለኛለች።

የፊታችን ማክሰኞ እዚያ ሆስፒታል የሚሠራልህን እኔ እዚህ በየቀኑ ስለማየው ልንገርህ። ሐኪሙ በብሽሽትህ በኩል ቀጭን ቱቦ የደም ሥርህ ውስጥ አስገብቶ እስከ ልብህ ያደርሰዋል፤ የጠበበውን ይከፍትና ቱቦውን ያወጣዋል። የሱ ሥራ እዚያ ላይ ያበቃል። ቀሪው የኛ የነርሶች ነው፤ ከኛም ይልቅ ያንተ። እግርህን ሳታጥፍ በጀርባህ ተኝተህ ትቆያለህ። እኛ የተወጋውን ቦታ ቶሎ ቶሎ እናያለን፤ ጣታችንን እግርህ ላይ አሳርፈን ደሙ መድረሱን እናዳምጣለን፤ ውሃ እናጠጣሃለን።

ቀላል ይመስላል አይደል? ትናንት አንድ ልብስ ሰፊ አባት ነበሩኝ። ቱቦው በደህና ወጥቶላቸው፣ «ልጄ፣ ይሄ ጋዎን ትከሻው ላይ ሰፍቶሻል፤ ስወጣ ጠበብ አደርግልሻለሁ» እያሉ ያስቁኛል። ውሃ ልቀዳላቸው ዞር ስል ታላቅ ወንድማቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡ። ሰውዬው ብድግ!

«ኧረ አባቴ፣ አይነሱ!»

«ታላቄ ቆሞ እንዴት እተኛለሁ?»

ፋሻው ቀላ። አንሶላው ረጠበ። ሮጬ ከተወጋው ቦታ ከፍ ብዬ በሁለት እጄ ተጫንኩ፣ ክንዴ እስኪዝል። ኃላፊያችን ሐኪም አስጠርታ የደም ግፊታቸውን ትለካለች። ታላቅየው ግድግዳ ተደግፈው «ምነው ባልመጣሁ!» ይላሉ። የኔው ሰውዬ ግን ከንፈራቸው ነጥቶም፣ «ይቺን ልጅ አሳርፏት፣ ሱሪ ስትተኩስ የዋለች መሰለች» አሉ። አንተን የሰማሁ መሰለኝ።

ደሙ ቆመ፤ ዛሬ ደህና ናቸው። እኔም ዘዴ አገኘሁ። ጠያቂ ሲመጣ በር ላይ ጠብቄ፣ «ሰላም ከማለትዎ በፊት እጅዎን ትከሻቸው ላይ ያሳርፉ» እላለሁ። ትከሻው በፍቅር የተያዘ ሰው አይነሳም፤ አክባሪነቱም አይጎድልበትም። ኃላፊያችን «ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው?» ብትለኝ፣ «ለድመት እንኳ የሚነሳ አባት አለኝ» አልኳት።

እናም አንተ፣ ከተመረቅኩ ወዲህ «ሲስተር መጣች!» እያልክ ለኔም የምትነሳው ሰው፣ ማክሰኞ ለማንም እንዳትነሳ። ለታላቅህ ለአጎቴም ቢሆን። ሳል ከመጣብህ የተወጋውን ቦታ በመዳፍህ ጫን አድርገው። እርጥበት ከተሰማህ ወይም እግርህ ከቀዘቀዘ «ነርሷን አላስቸግርም» ብለህ ዝም እንዳትል። አስቸግራት፤ ለዚህ ነው የተማርነው። የትከሻውን ነገር ለእማዬ በስልክ ነግሬያታለሁ። «እጄ ከባድ ነው፣ አታስቢ» ብላኛለች።

ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ አዲስ ተቀጣሪ ስለሆንኩ አልተሰጠኝም። ማክሰኞ እኔ እዚህ የሌላ ሰው አባት እግር ላይ ጣቴን አሳርፌ እውላለሁ፤ ያንተን የማላውቃት ነርስ ትይዘዋለች። ገና ልጅ ብትሆን እንዳትጠራጠራት። እየሮጠች ብትመጣ አትሳቅባት። ይልቅ አንተ አስቃት፣ ግን ተኝተህ።

ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ አባዬ። የሷንም እጅ ፈጣሪ ያበርታልኝ።

የምትናፍቅህ ልጅህ